ከእህቴ ራስጌ የነበረው ማጭድ

ልጁን በአሥራ አራት ዓመቷ ሊድር ቀን የቆረጠ ሰው ይህን ያንብብ። ማንበብ ካልቻለ የሚያነብለት ይፈልግ። እኔም ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው ፊደል የቆጠርኩት፤ አያሳፍርም። የሚያጽናና ነገር የሚፈልግ ሰው ግን እዚህ ብዙ አያገኝምና ጊዜውን አያባክን።

የምጽፈው ስለ እህቴ ስለ መዲና ሕመም ነው። እሷ ራሷ ብትጽፈው ይሻል ነበር፤ ከሁለታችን ጽሕፈት የሚዋጣላት እሷ ናት። አሁን ያለችበት ቤት ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ አይሰጥም። «አንተ ጻፈው አያ፤ ስሜንም አትደብቅ» ስላለችኝ እኔ ይማም ጽፌዋለሁ።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ጎብዬ ከሚወስደው መንገድ በታች፣ ሜዳው ላይ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ በአንድ ግቢ እናቴ፣ መዲና፣ እኔና ባለቤቴ ሐዋ እንኖር ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያችን ሲደርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የማይማር ሰው ስሙ እንደሚያዝ ስለ ነገረን፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳንል ሁላችንም ማኅበሩ አዳራሽ ገባን። እኔ ከኋላ ከጎልማሶቹ ጋር፣ መዲና ከፊት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አስተማሪው አንዴ ያሳያትን ሁለተኛ ማሳየት አያስፈልገውም። ቤት ስንገባ ደግሞ እኔን ታስተምረኛለች፤ ከማስተማሯ መሳቋ ይበልጣል።

«አያ፣ ይቺ ፊደል ናት ወይስ የታሰረች ፍየል?»

«ዝም በይ አንቺ። ይህ እጅ እርፍ የለመደ እጅ ነው።»

«እርፉንም እንዲህ የምትይዘው ከሆነ በሬዎቹ ሲስቁብህ ይውላሉ!»

እናቴ ከጓዳ «ሴት ልጅ እንዲህ አትገልፍጥም!» ብላ ትቆጣታለች። መዲና አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አይተውም። ይህን የማነሳው መዲና ዝምተኛ ልጅ እንዳልነበረች አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። በኋላ የመጣው ጥፋት ሁሉ ሰው ይህን ከመርሳቱ የመጣ ነው።

ትምህርቱ ሳያልቅ ተዳረች። አባታችን በሕይወት እያለ ጎብዬ አጠገብ ላሉ ሰዎች ቃል ሰጥቶባት ነበር። ትቆይ አልኩ። እናቴ «የሙት ቃል አላጥፍም» አለች፤ ጎረቤቱም ከእናቴ ጋር ቆመ። ባሏ ሐሰን ሠላሳን ያለፈ ገበሬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

በእኛ አገር ሙሽራ አትናገርም። አንገቷን ትደፋለች፣ ብይ ሲሏት ትንሽ ትቀምሳለች፣ ተነሺ ሳይሏት አትነሳም። መዲና ይህን ሁሉ አሟልታ አደረገች አሉ። አማቷ እትዬ ዘሙ ገበያ ላይ አግኝታን «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሰጣችሁን! ቤት ውስጥ መኖሯም አይታወቅ» ብላ መረቀችን። እናቴ ደስታ በደስታ ሆና ተመለሰች። ዓመት ሳይሞላ መዲና ፀነሰች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ስለሆነ ሆዷ ሲገፋ ወደኛ መጣች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ምጡ ክፉ ነበር። አዋላጇ ብቅ ብላ «ዱዓ አድርጉ» ትልና ተመልሳ ትገባለች። ሐዋ ልጃችንን ስትወልድ የሰማሁትን ዓይነት ጩኸት ጠበቅኩ፤ አልተሰማም። በመጨረሻ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ዘሐራ ተባለች። እናትም ልጅም ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ ተባለ፣ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለን።

አራስ በእኛ ቤት እስከ አርባ ቀኗ የምትተኛው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ፀሐይ አታይም፤ ወንድም መጋረጃውን አያልፍም። ከራስጌዋ ደግሞ ብረት አይጠፋም። ጂኒ አራስ ይወዳል፣ ብረት ይፈራል ነው ነገሩ። አንዱ ቤት ቢላዋ ያኖራል፣ አንዱ ቤት ወስፌ። እናቴ የእኔን የማሽላ ማጭድ አንስታ ከመዲና ትራስ ሥር አስገባች። አጨዳ ካለፈ ገና ነበርና ስለቱ ፀጉር ይላጫል።

አራስ ሊጠይቁ የሚመጡት ሴቶች ገንፎ እየበሉ መዲናን ያሞግሳሉ።

«ድምፅዋ አይሰማ፣ ይሄ ጎደለኝ አትል።»

«የኔዋማ ስትወልድ አገር አስጨንቃ ነበር! ይቺስ አስተዳደግ ነው።»

ሐዋ ግን አንድ ጠዋት በረት ውስጥ ላም እያለበች፣ ቀና ሳትል፣ «ይማም፣ እህትህ ጨዋ ሆና አይደለም ዝም ያለችው» አለችኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ግን መዲና መቼ ነው ዝም ብላ የምታውቀው? ልጅቱ ስታለቅስ ጣራ ጣራውን ነው የምታየው። አጥሚቱን አፏ ውስጥ ይዛው ትቆያለች፤ መዋጥ የረሳች ይመስለኛል። እንቅልፍም የላትም። ስሄድ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ስመጣ ክፍት ነው።»

ወተቷም እየደረቀ ነበር። ሐዋ የእኛን ልጅ ታጠባ ስለነበር ዘሐራንም አብራ ማጥባት ጀመረች። እናቴ ይህንንም «ገና ልጅ ናት፣ ትለምደዋለች» ብላ አለፈችው። ገና ልጅ መሆኗን ያመነችው ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ቀን በቀትር ሐዋ ዘሐራን አዝላ ከእናቴ ጋር ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ መደቡ ላይ ተቀምጬ ቀንበር እጠግናለሁ። ከመጋረጃው ሥር አንድ ነገር ወደ እግሬ ሲገፋ አየሁ። የማጭዱ እጀታ ነው። እጀታውን ወደኔ፣ ስለቱን ወደ ራሷ አድርጋ ነው የምትገፋው።

«አያ።»

ድምፅዋን ከሰማሁ ብዙ ስለቆየ ደነገጥኩ። «ወይ መዲና።»

«ይህን ውሰድልኝ።»

«ለምን?»

«አጠገቤ አይሁን። እፈራለሁ።»

«ምን ትፈሪያለሽ? ጂኒ ነው?»

እጀታውን ገፋ አድርጋ «ራሴን» አለች።

ማጭዱን አነሳሁት። ሌላ ምን እንደምላት አላወቅኩም፤ ማንም አላስተማረኝም። «ወስጄዋለሁ» አልኳት። «በደንብ አርቀው» አለችኝ።

እናቴ ተመልሳ እጇን ከትራሱ ሥር ስትሰድ ባዶ ሆነባት። «ብረቱ የት አለ?» ብላ ጮኸች። ያለውን ነገር እንዳለ ነገርኳት። ልጅሽ ራሷን ፈርታለች፣ ውሰድልኝ ብላኛለች አልኳት። ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ታቅፋታለች ብዬ ነበር። እናቴ ግን ፊቷ አመድ መስሎ እኔ ላይ መጣች።

«እሷ መሰለችህ የጠየቀችህ? ብረት የሚጠላ ማን ነው? ንገረኝ፣ ብረት አርቁልኝ የሚል ማን ነው? ልጄ ላይ ሰፍሮ በልጄ አፍ ተናገረህ፣ አንተም ጎንበስ ብለህ ታዘዝከው! አዑዙ ቢላህ!»

«እማ፣ እሷ ናት። ድምፅዋን አላውቅም?»

«በቀትር ነው ወይስ በሌላ ሰዓት?»

«በቀትር።»

«አየህ! ጂኒ የሚወጣበት ሰዓት!» አለች፤ ከዚያ በኋላ የምትሰማው ነገር አልነበረም።

አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሞት ሲጎትታት፣ ባላት የመጨረሻ ጉልበት አድኑኝ አለች። ያ ቃሏ ራሱ ለጂኒው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። ማጭዱ ተመልሶ ገባ። ጎረቤት ሁሉ ስለሰማ አንዷ ወስፌ፣ አንዷ የተሰበረ ማረሻ ይዛ መጣች።

ማጭዱን ብደብቀው እናቴ ሌላ ትዋሳለች። ስለዚህ ለመሳል ነው ብዬ ተቀብያት ከጓሮ ወጣሁና ስለቱን ድንጋይ ላይ አስተኝቼ ቀጠቀጥኩት። ቅቤ እንኳ እንዳይቆርጥ አድርጌ መለስኩላት። ወስፌውን ለሐዋ ነግሬ አስወጣሁት፤ ማረሻው ዱልዱም ነው። እናቴ ብረት መኖሩን በእጇ ነክታ አረጋገጠች፤ ስለቱን አላየችም።

በማግስቱ ከመጋረጃው ጀርባ «አያ፣ ማጭድህን ማን አበላሸው?» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ።»

«በምን ልታጭድ ነው?»

«አገዳውን በጥርሴ እቆርጠዋለሁ።»

ድሮ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። አልሳቀችም። ግን ሐዋ እንደነገረችኝ ያን ቀን ትንሽ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ የእኔና የሐዋ ሆነ። መደቡ ላይ እየተፈራረቅን እንተኛለን። ድምፅ ሲጠፋብኝ ቀስ ብዬ «መዲና» እላለሁ። እሷም ትቆይና «አለሁ» ትላለች። ሌላ ወሬ የለንም። አንዳንዴ «አለሁ» ለማለት የምትወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ስንት ነገር እንዳሰብኩ አልጽፈውም።

እናቴ ሸህ አስጠራች። ሸሁ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው ረዥም ዱዓ አደረጉ። ሲወጡ ለእናቴ «ብረቱን ካመንሽበት አትከልክያት፤ ግን ልጅቱን ፀሐይ አሳይያት፣ ሰው መሀል አውጫት፣ ጨለማ ውስጥ ማንም አይበረታም» አሏት። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ የሰማችው ብረቱን አትከልክያት እስከሚለው ድረስ ነው።

ምግብ መዋጥ ስታቆም ቆቦ ክሊኒክ እንውሰዳት አልኩ። አርባ ሳይሞላት አራስ ከደጅ አትወጣም ተባለ። ፍየል ሸጬ አህያ ላይ አስቀምጬ ወሰድኳት። እናቴ ልትቀር አልቻለችም፤ ቢላዋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተከተለችን።

ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ረዥም አግዳሚ ወንበር አለ። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰው፣ የሚያስል ሽማግሌ፣ ልጅ የታቀፉ እናቶች ተደርድረዋል። መዲና መሀላቸው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀመጠች። አንዲት ሴት «ይቺ የማን አራስ ናት፣ እንዴት ያለች ረጋ ያለች!» አለች። ልመታት ነበር።

ግድግዳው በወረቀት ተሸፍኗል። ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብበት ጊዜ ስለነበር ከጫፍ ጀመርኩ። ስለ ወባ ትንኝ ተጽፏል። ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ውኃ ስለ ማፍላት፣ ስለ ልጆች ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባት ተጽፏል። አብዮቱን የሚያወድስም አለ። ቀስ ብዬ እየቆጠርኩ ሁሉንም ጨረስኩ፤ ወልዳ ዝም ስላለች ልጅ የሚል አንድ መስመር የለም። ፊደል በመቁጠሬ የተናደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ምናልባት ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ ተጽፎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር።

የሚያክመው ድሬሰር ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የደከመው ሰው ነው። መዲናን ሳይሆን እናቴን ጠየቀ።

«ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም።»

«ምንም ካላለች ለምን አመጣችኋት?»

«ምንም ስለማትል ነዋ!» አልኩት። አስተያየቱ አላማረኝም፤ የእኔም አላማረውም መሰለኝ። ቆላ ስለሆነ ወባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠን። በስንት ልመና ዋጠች፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛ ስንሄድ የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየና የደም ማነስ ነው አለ። ቀይ ኪኒን ሰጠን። እናቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ብረት አለበት፣ ደም ይተካል» አላት። ወዲያው ወደኔ ዞራ «ሰማህ? ሐኪሙም ብረት ነው ያለው!» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ እየደጋገመች ተመለስን።

አርባው ደረሰ። ባልና አማት በግ እየጎተቱ፣ ማርና አዲስ ልብስ ይዘው እናትና ልጅ ሊወስዱ መጡ። ቤቱ በሰው ተሞላ። መዲናን አልብሰው ከመጋረጃው አወጧት። ክሊኒክ ስትሄድ በጋቢ ተጠቅልላ ነበር፤ ሳትሸፈን በብርሃን ሳያት ገና መጀመሪያዬ ነው፤ አንገቷ ቀጥኖ የሙሽርነት ድሪዋ ሰፍቷታል። እትዬ ዘሙ ዘሐራን ከሐዋ ተቀብላ ስማ ስማ ለእናቷ ዘረጋችላት። መዲና እጇን አላነሳችም። እትዬ ዘሙ ተቀብላለች ብላ ለቀቀች። ሐዋ ከሥር ባትቀልባት ኖሮ ልጅቱ መሬት ነበረች።

«ምን ሆና ነው?» አለች እትዬ ዘሙ። «በሽተኛ ነው እንዴ የሰጣችሁን? ደህና ሳትሆን እቤቴ አትገባም። ልጅቱም ጡት እስክትተው ከዚህች ሴት ጋር ትቆይ። ሐሰን፣ ተነስ እንሂድ።»

እናቴ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች፤ ስማችን ጠፋ አለች። እኔ ግን በልቤ እሰይ አልኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከማንም ያገኘነው ትልቁ ምሕረት ያ ስድብ ነው። ያን ቀን ወስደዋት ቢሆን ኖሮ መዲና ዛሬ የለችም።

ስማችን አንዴ ስለጠፋ እናቴ የምትከላከልበት ነገር አጣች። በጭነት መኪና ጭኜ ወደ ደቡብ፣ ትልቅ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ወሰድኳት። እዚያም መጠበቅ ነው፤ አንድ ቀን ውለን ነገ ተመለሱ ተባልን፣ በረንዳ ላይ አደርን። አጠገባችን የነበረች የማላውቃት ሴትዮ ጋቢዋን አንስታ መዲና ላይ ጣለችና ምን ሆና ነው ብላ እንኳ ሳትጠይቀን ተኛች። ስሟን ባለመጠየቄ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እኔን ከክፍሉ አስወጥቶ ከመዲናና ከአንዲት ነርስ ጋር ቆየ። ቆይቶ ጠራኝና «ራሷን ለመጉዳት አስባ ታውቃለች?» አለኝ። ይህን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የማጭዱን ነገር ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስትሰጥህ ምን አደረግክ?»

«ወሰድኩት። እናቴ መለሰችው። እኔ ደግሞ አደነዝኩት።»

እንዲህ አስረዳኝ። «ከወሊድ በኋላ አንዳንድ ሴቶችን የሚይዝ የመንፈስ ጭንቀት አለ። በሽታ ነው፤ ስንፍናም፣ ጭካኔም፣ ጂኒም አይደለም። ልጇን ጠልታ አይደለም፤ የመውደድ ጉልበቱን ነው የነጠቃት። ማንኛዋንም እናት ሊይዝ ይችላል። ሰውነቷም ልቧም ሳይጠና የወለደች፣ ከሰዎቿ የተነጠለች፣ የምታወራው ሰው የሌላት ልጅ ላይ ደግሞ ይበረታል።»

«ይድናል?»

«ይሻላታል። ግን ቶሎ መውለድ የለባትም። ከወለደች ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ብቻዋን እንዳትተዉአት።»

ኪኒን ሰጠን። ሕመሟ ስም ስላገኘ ደስ ያለኝ መኪናው ላይ እስክንወጣ ነው። ስሙን ይዤ ወደ ማን ነው የምሄደው? ሐኪሙ እዚያ ይቀራል፤ እኛ የምንመለሰው ወደ ማጭዱ ነው።

ቤት ስንደርስ ሐዋ ማንንም ሳታስፈቅድ መጋረጃውን ቀዳ ጣለችው። መዲናን በየጠዋቱ እያወጣች ከደጅ ታስቀምጣታለች፤ ማሽላ ስትለቅም አጠገቧ፣ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ። ዘሐራን አስገድዳ አላስታቀፈቻትም፤ አጥብታ ስትጨርስ ከመዲና ጎን ታስተኛታለች፣ ያ ብቻ። እኔ ኪኒኑን አድላለሁ። አንድ ቀን ከረጢቱ ላይ ያለውን ስቆጥር «አን… ድ… ፍ… ሬ…» እያልኩ ቆምኩ።

«አንድ ፍሬ ጠዋት፣ አንድ ፍሬ ማታ» አለች መዲና። «አያ፣ አንተን ስጠብቅ እኮ ማታ ሆነ።»

ሐዋ እንስራዋን ይዛ ደጅ ወጣች። ስታለቅስ እንዳናያት ነው።

ከዚያ የተሻለ ቀንም፣ የባሰ ቀንም ነበረ። ኪኒኑ ሲያልቅ ሌላ ለማምጣት ሄድኩ፤ በሦስተኛው መንገዱ ተዘግቶ መኪና የለም ተባለ። ለምን እንደተዘጋ አይጠየቅም። ያለ ኪኒን ቀረች። አንዳንድ ቀን ተመልሳ ጣራ ታያለች፤ በሌላው ቀን ዘሐራን አቅፋ ታገኛታለህ። ልጅቱ መዳህ ስትጀምር መዲና ከኋላዋ እየዳኸች አየኋት፤ ሁለቱም ልጆች መስለው ነበር። አንደኛዋም በእርግጥ ልጅ ነበረች።

ማንም ግን ሐኪሙን አላመሰገነም፣ ሐዋንም አላመሰገነም። እናቴ ውኃ ስትቀዳም ገበያ ስትወርድም ለሰው ሁሉ «ብረቱ ነው ያዳናት! ልጄን ማጭዱ ነው የጠበቀልኝ» ትላለች። ተይ አልኳት፤ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ በኋላ በጩኸት። ዱልዱም እንደነበረም ነገርኳት። «ዱልዱምም ቢሆን ብረት ነው» አለችኝ። ወሬው ጎብዬ ደረሰ። ሽማግሌ ተላከ፣ እርቅ ሆነ፣ ዘሐራ ጡት ስትተው መዲና ልጇን አዝላ ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች። ሐኪሙ ያለውን ለሐሰን ነግሬው ነበር። «ኢንሻአላህ» አለኝ። አሁን መዲና ነፍሰ ጡር ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሁለተኛ ልጅ የሚወለደው በባል ቤት ነው። እናቴም ሐዋም አይኖሩም፤ መጋረጃው የእትዬ ዘሙ ነው፣ ትራሱም የእትዬ ዘሙ ነው። ባለፈው ጎብዬ ሄጄ ነበር። ያን ዱልዱም ማጭድ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። እትዬ ዘሙ ወተት ሰጠችኝ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ብረቱን ተዉ አልላችሁም። ብቻ ይህን አኑሩላት።»

ማጭዱን ገልጣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችውና ሳቀች። «ልጄ፣ በዚህማ ጂኒ ጀርባውን ያክበታል! ምን ታጭዳለች ይቺ?»

«ምንም እንዳታጭድ ብዬ ነው።»

«ስማኝ። እኔ የወለድኩትን ሁሉ የወለድኩት ብረት ተንተርሼ ነው። እናትህም በገዛ አፏ ነግራኛለች፤ ልጇን ያዳናት ማጭድ ነው። ጂኒው አንድ ማጭድ ይህን ያህል ከፈራ፣ እኔ ሁለት አኖርላታለሁ። የተሳለ። አታስብ፣ ለልጄ ሚስት የምንሳሳው ብረት የለንም።»

ክፋት የላትም። ከልቧ ነው የምትናገረው። ማጭዴን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

መዲና ዘሐራን አዝላ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሆዷ ገፍቷል።

«ምን አለችህ?»

መዋሸት አልችልም። «ሁለት አደርግላታለሁ አለች።»

መዲና መሬቱን አየች። «አውቄዋለሁ» አለች። «አያ፣ አሁን ደህና ነኝ ስል እውነቴን ነው። ግን ያ ነገር የሚመጣበትን መንገድ አውቄዋለሁ። መጀመሪያ የምግብ ጣዕም ይጠፋል። ያኔ የምነግረው ሰው የለኝም።»

«ልክ እንደወለድሽ እመጣለሁ። በየገበያው ቀን እመጣለሁ፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ። ደጅ ቆሜ እጠራሻለሁ፤ አለሁ በይኝ።»

«አለሁ ካላልኩስ?»

«እገባለሁ።»

«ወንድ መጋረጃ አያልፍም፣ አያ። ይገድሉሃል።»

«አልፋለሁ።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለች፤ ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም። እኔም ራሴን ያመንኩት ግማሹን ነው፤ ከቤታችን እስከ እነሱ ቤት ያለው መንገድ ሩቅ ነው፣ «አለሁ» የሚለው ቃል ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ እንዳይዘገይ የሚፈለግ ቃል ነው።

የምትወልደው የማሽላ አጨዳ ሲደርስ ነው። በዚያን ሰሞን በሜዳው ላይ ያልተሳለ ማጭድ አይገኝም።